መኪናው ሲከብድ ጥንቃቄውም ይከብዳል

(በገነተ ማርያም፣ አሶሳ፣ ለጎልማሶች የንባብ ቡድን የተደረገ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ንባብ ለይታችሁ፣ በገዛ ዓይናችሁ ለማንበብ በቅታችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ። ንባብ የሚጠቅመው ግን ለዕለት ኑሯችን መላ ሲሆን ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ ሁላችንም በየቀኑ ስለምናየው ነገር ነው። ስለ ከባድ የጭነት መኪናና ስለ አነዳዱ ነው።

እኛ ይህን ንግግር ያዘጋጀነው በአሶሳና በአዲስ አበባ መካከል ጭነት ስናመላልስ የቆየን ሾፌሮችና ረዳቶች ነን። ምናልባት ከመካከላችሁ፣ «እኔ ገበሬ ነኝ፤ መሪ አልይዝም፤ ይህ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ደግ ነው። እኛም መልሰን እንጠይቅ። እህሉን መኪና ላይ የሚያስጭነው ማን ነው? ገበሬው ነው። ከጆንያ ላይ ተቀምጦ ገበያ የሚሄደው ማን ነው? ገበሬው ነው። ከብቱን መንገድ የሚያሻግረው፣ ልጁን ረዳት እንዲሆን የሚልከው ማን ነው? እሱም ገበሬው ነው። እንግዲያውስ የመኪና አነዳድ ለሾፌሩ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

መንገዳችንና ጭነታችን

ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ በነቀምቴ በኩል ወደ 670 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ባምባሲን ያልፋል፤ የዳቡስን ወንዝ ይሻገራል፤ መንዲን፣ ነጆንና ጊምቢን ይነካል። ከጊምቢ ወደ ነቀምቴ ሲኬድ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ በባኮና በአምቦ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ደጋና ቆላ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ ኩርባና ሜዳ በአንድ ጉዞ ይፈራረቁበታል።

በዚህ መንገድ የአሶሳ ማንጎ፣ ሰሊጥና በቆሎ ወደ መሐል አገር ይሄዳል። ከመሐል አገር ደግሞ ጨው፣ ዘይት፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ይመጣል። በ1977 ዓ. ም. በድርቁ ዘመን ከወሎና ከሌላም ቦታ ለሠፈራ ወደ አሶሳ የመጡ ብዙ ቤተሰቦችም በአውቶቡስና በጭነት መኪና ነው የተጓዙት። የዓባይ ግድብ በጉባ ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. ጀምሮ ሲሠራ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. እስኪመረቅ ድረስ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ በከባድ መኪና ተጓጉዟል። ስለዚህ ከባድ መኪና ለክልላችን ባለውለታ ነው። ባለውለታ ቢሆንም ግን አያያዙን ካላወቅንበት ሰው ይበላል።

ስለ ቃላቱም አንድ ነገር እንበል። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም.፣ ብዙ የጭነት መኪና አስገብቶ ነበር። የሙያው ቃላት በዚያው ቀሩ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ጋቢና፣ ስፖንዳ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ኩርባ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ የራሳችን ሆነዋል። በዚህ ንግግርም በእነርሱ እንጠቀማለን።

ፍጥነት ሲጨምር

ባዶውን የሚሄድ አህያ «ቁም» ሲሉት ይቆማል። ሁለት ኩንታል ያህል የተጫነ ጋሪ እየጎተተ ቁልቁል የሚወርድ አህያስ? እሱ ልቁም ቢል እንኳ ጋሪው ይገፋዋል። መኪናም እንደዚሁ ነው። ሸክሙ በበዛ ቁጥር፣ ሩጫው በጨመረ ቁጥር ለማቆም ያስቸግራል።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ደግሞ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሰኮንድ ማለት «አንድ ሺህ አንድ» ብለን እስክንጨርስ ያለው ጊዜ ነው። ሾፌሩ መንገድ ላይ ልጅ አይቶ፣ እግሩን አንስቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሰኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ያልፋል። በ80 ፍጥነት የሚሄድ ከሆነ ፍሬን ሳይነካ ወደ 30 የሰው እርምጃ ያህል ሄዷል ማለት ነው።

ይህ ገና ፍሬን ሳይያዝ ነው። ፍሬን ከተያዘ በኋላስ? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ፍጥነት ፍሬን ተይዞ በ15 ሜትር የሚቆም መኪና አለ እንበል። ያው መኪና፣ ያው ሾፌር፣ ያው መንገድ ሆኖ በ80 ፍጥነት 60 ሜትር ይፈልጋል። ዝናብ የመታው ቀይ አፈር ላይ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ቀይ አፈር ሲረጥብ ሳሙና ነው።

ስለዚህ ደህና ሾፌር ከፊቱ ካለው መኪና ርቆ ይነዳል። መለኪያው ቀላል ነው። የፊተኛው መኪና አንድ ዛፍ ወይም ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ይጀምራል፤ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት፣ አንድ ሺህ አራት» ይላል። አራቱን ሳይጨርስ እሱም ዛፉ ጋ ከደረሰ በጣም ተጠግቷል። በዝናብ፣ በጉም፣ ወይም በበጋ ሣር ሲቃጠል ጭሱ መንገዱን በሸፈነ ጊዜ ከዚህም የበለጠ ይርቃል።

ቁልቁለት

የከባድ መኪና ሾፌር የሚፈተነው ቁልቁለት ላይ ነው። የደዴሳን ቁልቁለት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውንም ጎጃም የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለት መዳፋችሁን አጥብቃችሁ አፋትጉ። ሞቀ? አዎ ይሞቃል። ፍሬንም መኪናውን የሚይዘው በመፋተግ ነው። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየረገጠ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ ይጨሳል፤ በመጨረሻ መያዙን ይተዋል። ያን ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም። ፍሬኑ ግሎ ነው እምቢ ያለው።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? መላው ማርሽ ነው። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ሜዳው ላይ ሳለ፣ ወደ ከባድ ማርሽ ይቀይራል። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ያወርደዋል። የቀድሞ ሾፌሮች ልጅ ሲያስተምሩ፣ «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይላሉ። ፍሬን የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ያዝ አድርጎ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ ነው። መሐል ቁልቁለት ላይ ማርሽ ለመቀየር መሞከር ክፉ ነው። ማርሹ አልገባ ካለ መኪናው በፎሌ ይቀራል።

ፎሌ ማለት ማርሹ ከሞተሩ ተላቆ መኪናው እንዲሁ ሲንከባለል ነው። አንዳንድ ሾፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለቱን በፎሌ ይለቀዋል። ይህ በሬን ከቀንበር ፈትቶ ገደል አፋፍ ላይ እንደ መልቀቅ ነው። የቆጠበው ጥቂት ብር ነው፤ ያስያዘው የራሱንና የሌላውን ሕይወት ነው።

ድንገት ፍሬን እምቢ ቢልስ? ሾፌሩ ከመሪው እጁን አይለቅም። ጥሩምባ ይነፋል፤ መብራት ያበራል። ማርሹን እያከበደ ለማስቀነስ ይሞክራል። ካልሆነም መኪናውን ከገደሉ በኩል ሳይሆን ከተራራው በኩል ጥግ አስይዞ እያፋተገ ያቆማል። ቆርቆሮ ይቀደዳል፤ ቆርቆሮ ግን ይጠገናል።

ከመነሳት በፊት

ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን ሳያይ እርሻ አይወጣም። ሾፌርም መኪናውን ሳይዞር አይነሳም። የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

1. ጎማ፦ ነፋሱ ሙሉ ነው ወይ? ተልጧል ወይ? ተሰንጥቋል ወይ? ሁለት ሆነው በተጣመሩት መካከል ድንጋይ ተቀርቅሯል ወይ? ብሎኖቹ ጠብቀዋል ወይ? በቆላ ሙቀት ነፋሱ ያነሰ ጎማ ቶሎ ይግላል፤ ይፈነዳል።

2. ፍሬን፦ ትልልቅ መኪናዎች ፍሬናቸው የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩ መሙላቱን የሚያሳይ መለኪያ ጋቢናው ውስጥ አለ። አየሩ ሳይሞላ መኪናው አይነቃነቅም። በአየር ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃም በየጊዜው መፍሰስ አለበት።

3. መብራት፣ ፍሬቻና ስፖኪዮ፦ አቧራና ጭቃ ይጠረግላቸው። ሌሊት የኋላ መብራት የሌለው የቆመ መኪና ግንብ ማለት ነው።

4. ዘይትና ውሃ፦ ሞተር ሲሞቅ የውሃውን ክዳን መክፈት ያቃጥላል። ቀዝቀዝ እስኪል ይጠበቅ።

5. ጭነት፦ ገመዱ ጠብቋል ወይ? ስፖንዳው ተዘግቷል ወይ? ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቆሞ እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ጭነት ሲንቀጠቀጥ ገመድ ይላላልና።

መኪና ሲቆምም ረዳቱ ቶሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ያነሳውን ድንጋይ ደግሞ መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድም። የተተወ ድንጋይ የሌላ ሰው አደጋ ነው።

ስለ ጭነት፣ ለባለ እህሉ

አሁን የምንናገረው በቀጥታ ለእናንተ ነው። እናንተ እህል ታስጭናላችሁ። ሾፌሩ፣ «ሞልቷል፤ ይበቃል» ሲል፣ «ኧረ ይቺን አምስት ኩንታል ብቻ ጨምርልኝ» ትላላችሁ። ጎረቤትም መጥቶ የሱን አምስት ይጨምራል። ሌላው አሥር ያመጣል። 50 ኩንታል እንዲሸከም የተሠራው መኪና በዚህ ዓይነት 70 ኩንታል ተሸክሞ ይነሳል።

መኪናው አይናገርም፤ ይሸከማል። ነገር ግን ፍሬኑ የተሠራው ለ50 ነው። ጎማውም ለ50 ነው። ቁልቁለቱ ላይ ትርፉ 20 ኩንታል ከኋላ ሆኖ ይገፋዋል። ጭነት ከፍ ተደርጎ ሲከመር ደግሞ መኪናው ኩርባ ላይ ይንገዳገዳል። እንስራ በራሷ የተሸከመች ሴት ድንገት እንደማትዞር ታውቃላችሁ። ከፍ ያለ ጭነትም እንደዚሁ በቀስታ ነው የሚዞረው። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፣ ክብደቱም ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት።

ትርፍ ጭነት መንገዱንም ይበላል። የመንገድ ባለሙያዎች ለክተው እንዳረጋገጡት፣ በአንድ የጎማ አግድም ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል። ዛሬ ባተረፍነው አምስት ኩንታል ነገ ጉድጓድ ይቆፈራል። በዚያ ጉድጓድ ምክንያት ማንጎው ይዘገያል፤ ይበሰብሳል፤ ነፍሰ ጡሯም ሆስፒታል ሳትደርስ ትቀራለች።

ማንጎ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነውና፣ «ቶሎ ድረስልኝ፤ ጉርሻ አለህ» የሚል ነጋዴም አለ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። መኪና ግን ከፈሰሰ ሰው አይለቀምም። ጉርሻ የሚገባው ደህና ለደረሰ ነው፤ ቀድሞ ለደረሰ አይደለም።

ሰው ጭነት አይደለም

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ. ም. በሲዳማ ክልል፣ በቦና ዙሪያ ወረዳ፣ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ከድልድይ ስቶ ወንዝ ውስጥ ገባ። መኪናው የጫነው ሰው ነበር። ከተሳፈሩት ብዙዎቹ የሠርግ አጃቢዎች ነበሩ። 71 ሰዎች ሞቱ። የደስታ ቀን በአንድ ጊዜ የለቅሶ ቀን ሆነ። ቁጥሩን አስቡት። በአንድ መንደር ስንት ቤት አለ? ከየቤቱ አንድ ሰው ቢጎድል ምን ይቀራል?

የጭነት መኪና ስፖንዳ ጆንያ እንዳይወድቅ የተሠራ ነው። መቀመጫ የለውም፤ ቀበቶ የለውም፤ ጣራ የለውም። መኪናው ሲገለበጥ ሰው ይወረወራል፤ ወይም ጭነቱ ይጫነዋል። ሰው ቆሞ ሲሳፈር ደግሞ ኩርባ ላይ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ያን ጊዜ ሰዉ ራሱ መኪናውን ይገለብጠዋል።

«አውቶቡስ የለም፤ ታዲያ በምን እንሂድ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ በብዙ ገጠር አውቶቡስ እንደ ልብ አይገኝም። ችግሩን እናውቀዋለን። ቢሆንም ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር አስቀድሞ ተነጋግሮ ሚኒባስ ወይም አውቶቡስ መከራየት ይቻላል። ገንዘቡ ለብዙ ሰው ሲካፈል አይከብድም። ካልተገኘም ከሁሉም ቤት ጥቂት ሰው ተወክሎ ይሂድ። የቀረው በቤቱ ቢመርቅ ሙሽሮቹ አይቀየሙም።

ሾፌሩ የማያየው ቦታ

ከባድ መኪና ትልቅ ስለሆነ ሾፌሩ ሁሉን የሚያይ ይመስለናል። አያይም። ከአፍንጫው ሥር የቆመች ሕፃን አትታየውም። በቀኙ በኩል የተጠጋ ባለ ሞተር ሳይክል አይታየውም። ከኋላ ያለው ደግሞ ጨርሶ አይታየውም። ለልጆቻችን የምንነግረው አንድ ነገር ይህ ነው፤ «የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየኸው፣ እሱም አንተን አያይህም።» ከቆመ መኪና ሥር ጥላ ብሎ መቀመጥ፣ ከኋላው መንጠላጠል፣ ከፊቱ ሮጦ ማቋረጥ ለልጅ ሞት ነው።

ሾፌሩም መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ ረዳቱ ወርዶ ይመራዋል። ረዳቱ ከዓይኑ ከጠፋ ወዲያው ይቆማል። መንደር ሲገባ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከብት ሲያገኝ ጥሩምባ እየነፋ አያስደነብርም፤ ከብት ሲደነብር ወደ መኪናው ነው የሚመጣው። እናንተም ከብት ስታሻግሩ ኩርባ ላይ ወይም ዳገት አናት ላይ አታሻግሩ። ሾፌሩ ከሩቅ በሚያይበት ቀጥ ያለ ቦታ ይሁን፤ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይጠብቅ።

እንቅልፍ፣ መጠጥ፣ ጫትና ስልክ

ያልተኛ ሾፌር እንደ ሰከረ ሾፌር ነው። ዓይኑ ተከፍቶ ሳለ አእምሮው ለሁለትና ለሦስት ሰኮንድ ይተኛል። በ80 ፍጥነት ሦስት ሰኮንድ ማለት 66 ሜትር ነው። በዚያ ርቀት ኩርባ ካለ መኪናው አልታጠፈም ማለት ነው። ጫት ያነቃል ይላሉ። ጫት እንቅልፍን ያቆየዋል እንጂ አያስቀረውም። የተከማቸው ድካም በኋላ ባንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ቃሚው ደግሞ ያልቻለውን የቻለ ይመስለዋል። የእንቅልፍ መድኃኒቱ መተኛት ብቻ ነው። ለብዙ ሰዓት የሚነዳ ሰው በየመካከሉ ቆሞ ይረፍ፤ ሌሊት ሲመሽበት ይደር።

ስለ መጠጥ ብዙ አንልም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የሚያውቀው ሰው ግን ሾፌሩን «አንድ ብርሌ ብቻ» እያለ ሲጋብዝ እናያለን። ሾፌር ስትጋብዙ ቡናና ምግብ ጋብዙት። ስልክም እንደዚሁ ነው። «የት ደረስክ? የት ደረስክ?» እያልን መንገድ ላይ ያለውን ሾፌር አናስጨንቀው።

አደጋ ቢደርስ

በዓለም ላይ በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ሰው በመንገድ አደጋ መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከአደጋ በኋላ በሚሠራ ስሕተት የሚሞተውም ብዙ ነው። ስለዚህ አራት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ ሌላ መኪና እንዳይመጣ በሁለቱም አቅጣጫ ራቅ ብሎ ሰው ይቁም፤ ቅጠል ይጣል።

ሁለተኛ፣ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙለት። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካልመጣበት በቀር አንገቱ ወይም ወገቡ የተመታውን አትጎትቱት። ቶሎ ለጤና ጣቢያና ለፖሊስ ይነገር። በ2005 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ማንበብ የቻለ ሰው ይህን ለጎረቤቱ ይንገር።

ሦስተኛ፣ ሾፌሩን አትደብድቡ። ጥፋት ካለበት ሕግ ይጠይቀዋል። ዱላ የፈራ ሾፌር ቁስለኛውን ጥሎ ይሸሻል፤ ዱላ ባይፈራ ኖሮ ቁስለኛውን ያነሳ ነበር።

አራተኛ፣ የተገለበጠ ነዳጅ መኪና አጠገብ አትሂዱ። ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ. ም. በናይጄሪያ፣ በጂጋዋ ግዛት፣ አንድ ነዳጅ የጫነ መኪና ተገለበጠ። ሕዝቡ የፈሰሰውን ነዳጅ ለመቅዳት ዕቃ ይዞ ወጣ። እሳት ተነሳና ከ150 በላይ ሰዎች አለቁ። አንድ ጀሪካን ነዳጅ የሰው ነፍስ አያክልም።

ማጠቃለያ

ወገኖች፤ ደህና ሾፌር የሚፈጠረው በመንጃ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ሾፌሩ፣ «አይበቃም፤ ሞልቷል» ሲል ባለ እህሉ እሺ ሲለው ነው። «ዛሬ አልነዳም፤ ደክሞኛል» ሲል ባለ ንብረቱ ሲታገሠው ነው። «ሰው አልጭንም» ሲል ሠርገኛው ሳይሰድበው ሲቀር ነው። እኛ ሾፌሮች እንዲህ ስንል ብዙ ጊዜ ፈሪ ተብለናል። ፈሪ ይበሉን፤ እህላችሁን ግን እናደርሳለን፤ ልጆቻችሁንም ሳንነካ እንመለሳለን።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ይህን ንግግር ለልጆቻችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። በተለይ መሪ ለመያዝ ለሚመኘው ልጅ ስለ ቁልቁለት የሚናገረውን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡለት።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ40 ፍጥነት ፍሬን ተይዞ በ15 ሜትር የሚቆም መኪና በ80 ፍጥነት ስንት ሜትር ይፈልጋል? ለምን?

2. ሾፌር ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ምን ያደርጋል? በፎሌ መውረድ ለምን ክፉ ሆነ?

3. በመንደራችሁ ሰዎች በጭነት መኪና የሚሳፈሩት መቼ መቼ ነው? በዚያ ፈንታ ምን ማድረግ ይቻላል?

4. ከብትና ልጆች መንገድ የሚሻገሩበት የተሻለ ቦታ የት ነው? ተነጋግራችሁ ወስኑ።